አጣጥ፦ ከአጥር እስከ አክሲዮን ገበያ

በደቡብ ጎንደር ደጋና ወይና ደጋ፣ ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ፣ አጣጥ የሚባለውን እሾሃማ ቁጥቋጦ የማያውቅ ገበሬ አይገኝም። ከብት እንዳይገባ ማሳ ይታጠርበታል፤ ሲደርቅም ይማገዳል። ስሟን ከገበያ ቀን በወሰደችው የታች ጋይንት ከተማ፣ በአርብ ገበያ፣ እህሉና ከብቱ በየሳምንቱ ዋጋ ሲቆረጥለት አጣጥ ግን ከአጥርና ከማገዶ አልፎ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሸቀጥ አይደለም።

ይሁንና የዚሁ ቁጥቋጦ የቅርብ ዘመድ ከኢትዮጵያ ወጥቶ፣ በውስጡ የተገኘው መርዝ ዛሬ በዓለም የመድኃኒት ገበያ በቢሊዮን ዶላር ከሚንቀሳቀሱ ንግዶች ለአንዱ መሠረት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አብቪ የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት ኩባንያ ኢሚውኖጄን የተባለውን አነስተኛ ኩባንያ በ10.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ሲያስታውቅ፣ ለአንድ አክሲዮን 31 ዶላር ከ26 ሳንቲም ለመክፈል ተስማማ። ይህም አክሲዮኑ ከማስታወቂያው በፊት ከነበረው ዋጋ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ኢሚውኖጄንን ይህን ያህል ዋጋ ያስገኘለት ሀብት በዋነኛነት ከማይታንሲን ቤተሰብ የሚወጣ መርዝ ከአንቲቦዲ ጋር የማያያዝ ጥበቡ ነው። ማይታንሲን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ቁጥቋጦ ነው።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ መርዝ እንዴት መድኃኒት ሆነ? ሁለተኛው፣ ተክሉ የበቀለባት አገር ከዚህ ገበያ ምን አገኘች፣ ሕሙማኗስ ምን ይጠብቃሉ? የሚለው ነው።

የታሸገ ጭነት፣ የታወቀ አድራሻ

የተለመደው የካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞቴራፒ፣ በደም ውስጥ ገብቶ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል። ችግሩ ጠላትንና ወዳጅን አጣርቶ አለመለየቱ ነው። የካንሰሩን ሴል ሲገድል የፀጉርን፣ የአንጀትንና የደም ሴሎችንም ይጎዳል። በዚህ ምክንያት ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን እንደልቡ መጨመር አይችልም።

በሌላ በኩል አንቲቦዲ የሚባለው ሰውነት ራሱን ከበሽታ ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አንድ አንቲቦዲ አንድን ምልክት ለይቶ ያውቃል፤ ምልክቱን ካገኘ ይጣበቅበታል። ሳይንቲስቶች ይህንን ባሕርይ በመጠቀም በካንሰር ሴል ላይ በብዛት የሚገኝን ምልክት ብቻ የሚፈልግ አንቲቦዲ በላቦራቶሪ ማምረት ችለዋል።

አዲሱ የመድኃኒት ዓይነት የሁለቱ ጋብቻ ነው። በንግድ ቋንቋ ብንገልጸው አንቲቦዲው መኪናው ነው፤ መርዙ ጭነቱ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው የኬሚካል ማያያዣ ደግሞ የጭነቱ ማሸጊያ ነው። በካንሰሩ ሴል ላይ ያለው ምልክት የተረካቢው አድራሻ ይሆናል። መኪናው በደም ሥር ተጉዞ አድራሻውን ሲያገኝ ሴሉ አንቲቦዲውን ከነጭነቱ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ እዚያ ማሸጊያው ይፈታና መርዙ ሥራውን ይጀምራል።

ማሸጊያው መንገድ ላይ ከተፈታ ጭነቱ በጤነኛው አካል ላይ ይፈስሳል። ካልተፈታ ደግሞ ተረካቢው ዘንድ ቢደርስም ፋይዳ የለውም። የዚህ ኢንዱስትሪ የብዙ ዓመታት ልፋትና ኪሳራ በአብዛኛው ያረፈው በዚህ በማሸጊያው ላይ ነው። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት፣ ማይሎታርግ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ተፈቅዶ በ2010 ከገበያ መውጣቱ፣ በ2017 ደግሞ በተለወጠ አወሳሰድ መመለሱ መንገዱ ምን ያህል አባጣ ጎርባጣ እንደነበረ ያሳያል።

ከኢትዮጵያ ቁጥቋጦ እስከ ቨርጂኒያ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር ከዓለም ዙሪያ ተክሎችን እየሰበሰበ ካንሰርን የሚገድል ኬሚካል እንዳላቸው ይፈትሽ ነበር። በዚያው አስርት ዓመት መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት ናሙናዎች አንዱ በሳይንስ ስሙ ማይቴነስ የሚባለው፣ በአማርኛ አጣጥ በሚል የወል ስም ከምንጠራቸው ቁጥቋጦዎች ወገን የሆነ ተክል ነበር።

ናሙናው በፍተሻው ተስፋ አሳየ። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ከዚህ ተክል ያወጡትን ኬሚካል ማይታንሲን ብለው ሰይመው ይፋ አደረጉ። ማይታንሲን ሴል ሲከፈል የሚዘረጋቸውን የውስጥ ገመዶች እንዳይሠሩ ስለሚያግድ ሴሉ መባዛት አቅቶት ይሞታል። በላቦራቶሪ ሲለካ ከተለመዱት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ የበረታ ሆኖ ተገኘ።

በዚያን ጊዜ ግን ሁለት እንቅፋቶች ገጠሙት። የመጀመሪያው የአቅርቦት ነበር። ከኢትዮጵያው ተክል አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ማይታንሲን 0.2 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ ፊታቸውን የተሻለ ምርት ወደሚሰጥ ሌላ የማይቴነስ ዝርያ አዞሩ፤ በኬንያ ሺምባ ተራሮች ከ27 ሺሕ ኪሎ ግራም በላይ ተክል ተሰብስቦ ለምርምር ተጫነ። ሁለተኛው እንቅፋት ደግሞ የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በሰው ላይ ሙከራ ሲጀመር መርዙ ለካንሰሩ ብቻ ሳይሆን ለታማሚውም የከፋ ሆነ። ማስታወክ፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አስከተለ። ብቻውን መድኃኒት ሊሆን እንደማይችል ስለታወቀ ሙከራው ተተወ።

መርዙ ከመረሳት የዳነው በሁለት አጋጣሚዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች የማይታንሲንን የቅርብ ዘመድ የሚያመርት ባክቴሪያ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ጥሬ ዕቃው እንደ ጠላ በጋን ተጠንስሶ የሚወጣ እንጂ ከጫካ የሚቆረጥ መሆኑ ቀረ። በኋላ የወጡ ጥናቶች እንዲያውም በአንዳንድ የዚህ ቤተሰብ ተክሎች መርዙን የሚሠሩት ከሥራቸው ጋር የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት መሆናቸውን አመልክተዋል። ሁለተኛው አጋጣሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው ኢሚውኖጄን ይህንኑ መርዝ በጥቂቱ ለውጦ ከአንቲቦዲ ጋር የሚያያዝበትን ዘዴ ማዳበሩ ነው። ብቻውን ሲሰጥ ገዳይ የሆነው ነገር አድራሻ ሲበጅለት ጠቃሚ ሆነ።

ካድሳይላ ገበያ ሲወጣ

ከጡት ካንሰር ሕሙማን ከመቶ ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ዕጢው ላይ ኸር-ሁለት የተባለ ምልክት በብዛት ይገኛል። ይህንን ምልክት የሚለየው ትራስቱዙማብ የተባለው አንቲቦዲ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ተፈቅዶ የብዙዎችን ዕድሜ አርዝሟል። ጄነንቴክ የተባለው ኩባንያ ከኢሚውኖጄን ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 በገባው የፈቃድ ውል መሠረት በዚህ አንቲቦዲ ላይ የማይታንሲንን ልጅ ጭኖ ካድሳይላ የተባለውን መድኃኒት ሠራ። በአማካይ በእያንዳንዱ አንቲቦዲ ላይ 3.5 ያህል የመርዙ ሞለኪውሎች ይጫናሉ።

991 ሴቶችና ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ፣ በሽታቸው በተሰራጨ ሕሙማን ላይ ካድሳይላ የወሰዱት መካከለኛ የመኖሪያ ጊዜ 30.9 ወር ሲሆን፣ በጊዜው የነበረውን ሌላ ሕክምና የወሰዱት 25.1 ወር ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ሰጠው። በ2018 ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ታክመው ቅሪት ዕጢ በተገኘባቸው ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ይፋ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በካድሳይላ 88.3 በመቶ፣ በትራስቱዙማብ ብቻ 77 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ያለ ጉዳት አይደለም፤ የደም መርጊያ ሕዋሳትን ይቀንሳል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። 60 ኪሎ የምትመዝን ታማሚ በየሦስት ሳምንቱ የምትወስደው 216 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ መርዙ በክብደት 4 ሚሊ ግራም አይሞላም። ይህ ከኢትዮጵያው ቁጥቋጦ ይውጣ ቢባል፣ በማጣራት የሚባክነው ሳይታሰብ፣ ለአንድ ጊዜ መርፌ ወደ 19 ኪሎ፣ ለአንድ ዓመት ሕክምና ከ300 ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ይጠይቅ ነበር። ባክቴሪያው ባይገኝ ኖሮ የአንድ አገር ሕሙማን ፍጆታ ብቻ ቁጥቋጦውን ከምድር ባጠፋው ነበር።

ዋጋውም እንደዚሁ የሚያስደነግጥ ነው። ካድሳይላ በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ በወር 9,800 ዶላር፣ ለሙሉ ሕክምና ወደ 94 ሺሕ ዶላር ተቆረጠለት። አንድ ዶላር 18 ብር ገደማ በነበረበት በዚያ ጊዜ የወሩ ሂሳብ ከ175 ሺሕ ብር በላይ ነበር። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አልፏል። ዶላሩ በ100 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ ያው 9,800 ዶላር 980 ሺሕ ብር ይሆናል። የመድኃኒቱ ዋጋ ሳይነካ ብሩ ስለረከሰ ብቻ ርቀቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ሰፋ ማለት ነው።

ዋጋው የከበደው ለድሃ አገር ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ የጤና መድኃኒት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ካድሳይላ ከሚሰጠው ጥቅም አንጻር ውድ ነው ብሎ ሳይቀበለው ቀርቶ፣ የተቀበለው በ2017 አምራቹ ሮሽ በምሥጢር የተያዘ ቅናሽ ካደረገ በኋላ ነው። የሚገዛው መንግሥት በአንድ ድምፅ ሲደራደር ዋጋ እንደሚወርድ ይህ አስረጂ ነው።

ትርፉ ለማን ነው?

የካድሳይላ ዓመታዊ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ደርሶ ነበር። ኢሚውኖጄን ከሽያጩ ከ3 እስከ 5 በመቶ የባለመብትነት ክፍያ ያገኝ ስለነበር፣ ይህንኑ የወደፊት ገቢ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት አሳልፎ 200 ሚሊዮን ዶላር በጥሬው ተቀብሏል። መድኃኒት ያልሠራ፣ ተክል ያልቆፈረ ባለገንዘብ ሳይቀር የመርዙን የነገ ገቢ ገዝቶ ያተርፍበታል።

ለኢትዮጵያስ? ለንጽጽር ያህል ከሽያጩ ከሺሕ አንድ ብቻ ቢታሰብላት ኖሮ በ2022 ሽያጭ 2 ሚሊዮን ፍራንክ በሆነ ነበር። ነገር ግን ይህ ምኞት እንጂ መብት አይደለም፤ ለዚህም ምክንያቶቹ መታወቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ ተክሉ የወጣው የብዝሃ ሕይወት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥራ ላይ ከዋለበት ከእ.ኤ.አ. 1993 መጨረሻ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የዱር ተክል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ናሙና የወሰደ ሁሉ ያለ ክፍያ ይሄድ ነበር። ስምምነቱም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ዛሬ መርዙ የሚመረተው ከባክቴሪያ እንጂ ከተክሉ አይደለም። ሦስተኛ፣ ተክሉ የተመረጠው በጅምላ ፍተሻ እንጂ የአገሬው ሰው «ለካንሰር ይሆናል» ብሎ ስለነገረ አይደለም፤ ስለዚህ የባህላዊ ዕውቀት ባለቤትነት ጥያቄም ደካማ ነው።

ይህ ታሪክ ብቸኛው አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ አስተውለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደክሙበት፣ በ1990ዎቹ የአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የቧንቧ መስመር የሚደፍን ባለ ዛጎል የውኃ እንስሳን በእንዶድ ለማጥፋት የፈጠራ መብት አወጣበት። ጤፍን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ቢፈረምም ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ስለ ጤፍ ዱቄት የወጣው የፈጠራ መብት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው በ2018 ነው። ውል መፈረም ብቻውን ጥቅም እንደማያመጣ ይህ በቂ ትምህርት ነው።

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ለማግኘት አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ፣ ከሚገኘው ጥቅምም አገርና ማኅበረሰብ እንዲጋሩ ያዛል። ኢትዮጵያ ጥቅም መጋራትን የሚመለከተውን የናጎያ ፕሮቶኮልም ተቀብላለች። ነገ ከታች ጋይንት ገደል ሥር አንድ ተመራማሪ ናሙና ቢወስድ የ1960ዎቹ ዓይነት መንገድ ሕጋዊ አይሆንም።

ይሁንና አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው የኢኮኖሚክስ ቁም ነገር አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋጋ የተጨመረው ጫካ ውስጥ አይደለም። እንጨቱ ቨርጂኒያ ሲደርስ ገና ሳንቲም አያወጣም ነበር። ዋጋው የመጣው ከማጣራቱ፣ ከባክቴሪያው፣ ከማያያዣው፣ ከአንቲቦዲውና አርባ ዓመት ከወሰደው ሙከራ ነው። ተፎካካሪው ኢንኸርቱም የሚጭነው መርዝ የዘር ሐረጉ ከአንድ የቻይና ዛፍ ይመዘዛል፤ የጃፓኑ ዳይቺ ሳንክዮ የሠራውን ይህንን መድኃኒት አብሮ ለማልማት አስትራዜኒካ እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ 6.9 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋውሏል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነ ሙከራም ኢንኸርቱ በሽታው እንዳይባባስ በማድረግ ከካድሳይላ በልጦ ታይቷል። ፋይዘር ደግሞ ሲጀን የተባለውን የዚሁ ዘርፍ ኩባንያ በ2023 በ43 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዝቷል። ዛፍ ያለው ሁሉ አይከብርም፤ ዛፉን የሚያነብ ላቦራቶሪ ያለው ይከብራል።

ታማሚዋ የት ትገኛለች?

በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ወደ 77 ሺሕ አዲስ የካንሰር ሕሙማን ተገኝተዋል፤ ከ51 ሺሕ በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ከአዲሶቹ ሕሙማን ከ16 ሺሕ በላይ የሚሆኑት የጡት ካንሰር የያዛቸው ናቸው። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረዥም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። በአማራ ክልል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የኬሞቴራፒ ሕክምና መስጠት መጀመራቸው መንገዱን አሳጥሮታል። ቢሆንም ከአርብ ገበያ የምትነሳ ታማሚ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር የማያንስ ጉዞ ይጠብቃታል።

ከመድኃኒቱ ዋጋ በፊት ደግሞ ሌላ በር አለ። ዕጢዋ ኸር-ሁለት የተባለው ምልክት እንዳለው በላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ ካድሳይላ አይሰጥም፤ አድራሻ የሌለው ጭነት የትም አይደርስምና። ስለዚህ ለዚህ ገበያ መዘጋጀት የሚጀምረው ከምርመራው ነው።

የዋጋው ነገርም ጨርሶ ተስፋ የሌለው አይደለም። ትራስቱዙማብ ብቻውን እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ምርቶች ገበያ በመግባታቸው ርካሽ ሆኗል። የሕንዱ ዛይደስ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2021 ኡጅቪራ በሚል ስም ከካድሳይላ ጋር ተመሳሳይ የሆነ መድኃኒት በብዙ እጥፍ በረከሰ ዋጋ በአገሩ ገበያ አውጥቷል። የመጀመሪያው ባለመብት ብቻውን የሚሸጥበት ዘመን ሲያበቃ ዋጋ መውረዱ የማይቀር ነው፤ ጥያቄው ያን ጊዜ ገዢው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ወይ የሚለው ነው።

እስከዚያው አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። ይህን ያነበበ ሰው አጣጥ ቀቅሎ ለታማሚ ማጠጣት የለበትም። በየአጥሩ ያለው አጣጥ ሁሉ ማይታንሲን አለው ማለት አይደለም፤ ያለውም ቢሆን ሐኪሞች በሚሊ ግራም ለክተው እንኳ ብቻውን ሰጥተው ታማሚውን ስለጎዳ የተዉት መርዝ ነው። መድኃኒት የሆነው አድራሻ ተበጅቶለት ብቻ ነው።

የቀድሞው ናሙና ሄዷል፤ አይመለስም። አሁን በአገር እጅ ያሉት በየተራራው ገና ያልተፈተሹት ተክሎች፣ የወጣው ሕግና ወደፊት የሚቋቋሙት ላቦራቶሪዎች ናቸው። ሦስቱ በአንድ ላይ ካልሠሩ ቀጣዩ አጣጥም እንደ መጀመሪያው በአጥርነት ወጥቶ፣ በዶላር የሚገዛ መርፌ ሆኖ ይመለሳል።